በስብሰባው ላይ ያልተገኘው ሰው

ሰው ማንንም ሳይሰድብ፣ ማንንም ሳይገፋ፣ ሕግ ጠብቆ፣ እጁን አውጥቶ ድምጽ በመስጠት ብቻ ሌላውን ሰው ቤት አልባ ሊያደርገው ይችላል ወይ? አድርጎትስ እንደሆነ ጥፋተኛ ይባላል ወይ? ጥያቄው ከቡና በኋላ የሚነሣ የተማሪ ወሬ ይመስላል። ግን እኛ ከአገር ቤት መጥተን በቬርሞንት የምንማር ጥቂት ልጆች የበረዶውን ወራት በሙሉ የተጨቃጨቅነው በዚሁ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም አገር ቤት ያላችሁም ጓደኞቻችን ብትሰሙት አይከፋም ብለን ጻፍነው።

ቬርሞንት በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከካናዳ ድንበር ሥር የተቀመጠች የገጠር ስቴት ናት። በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 643,077 ነበር (ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛን ስንጠቅስ እንናገራለን)። ዋና ከተማዋ ሞንትፒሊየር 8 ሺህ ያህል ሰው ነው ያላት፤ ይህን የሚበልጥ የወረዳ ከተማ እኛ አገር ስንት አለ! ከመንገዶቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አስፋልት አያውቁም። በማርችና በኤፕሪል በረዶው ሲቀልጥ መንገዱ ሁሉ ማጥ ይሆናል፤ የአገሩ ሰዎችም «የጭቃ ወቅት» ብለው እንደ አምስተኛ ወቅት ይቆጥሩታል። ስለ ጭቃ መቼስ እኛን የሚያስተምር የለም። በዚያው ሰሞን የሜፕል ዛፍ እየተበሳ ውኃው ይቀዳል፤ 40 ሊትሩ ፈልቶ ፈልቶ አንድ ሊትር ሽሮፕ ይወጣዋል። በመንገድ ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳ መትከል በ1968 በወጣ ሕግ ስለተከለከለ ዓይን የሚያርፈው በተራራ፣ በላም በረትና በነጭ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። ውብ አገር ናት። ጠቡም የሚመጣው ከውበቷ ነው።

በየዓመቱ በማርች የመጀመሪያው ማክሰኞ «ታውን ሚቲንግ» የሚሉት ጉባኤ አለ። ታውን ሲሉ ከተማ ማለታቸው አይደለም፤ እርሻውንም ጫካውንም ጨምሮ የአንድ አካባቢ ሰው ራሱን የሚያስተዳድርበት ክልል ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ነገሩን በድምጽ መስጫ ወረቀት ይጨርሱታል። በትንንሾቹ ግን ሰዉ አሁንም በትምህርት ቤት አዳራሽ ይሰበሰባል፤ አንዷ ሹራቧን እየሠራች፣ አንዱ ልጁን ታቅፎ፣ ለመንገዱ ጠጠር ስንት ይመደብ፣ በረዶ ጠራጊው መኪና ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ እያለ ይከራከራል። ምሳ ከየቤቱ ይመጣል፤ የተጣሉትም አብረው ይበላሉ። ለማየት ገብተን ስንወጣ፣ እውነቱን እንናገር፣ ቅናት ቢጤ ተሰማን። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ? ስለ መንገዱ የሚወስነው በመንገዱ የሚሄደው ነው።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ። ችግሩ የሚጀምረው አዳራሹን ዞር ብሎ ተመልክቶ «እዚህ ያልመጣው ማነው?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ ነው።

የስቴቱ የቤት ፋይናንስ ድርጅት ባወጣው ግምት ከ2025 እስከ 2029 ድረስ ከ24 ሺህ እስከ 36 ሺህ ተጨማሪ ቤት ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 2024 በአንድ ሌሊት በተደረገው ቆጠራ ቤት የሌላቸው ሰዎች ከ3,400 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹን መንግሥት ከኮቪድ ጊዜ ጀምሮ በየሞቴሉ ያሳድራቸው ነበር፤ በ2024 መገባደጃ ላይ ግን አንድ ሰው ከ80 ቀን በላይ አይቆይም የሚል ወሰን ተደረገና በመቶ የሚቆጠሩት ክፍላቸውን ለቀው ወጡ። በሌላ በኩል ደግሞ ከስቴቱ ቤቶች ከሰባቱ አንዱ ያህል የዕረፍት ጊዜ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ለበረዶ ሸርተቴ ወይም ለበጋ ነፋስ ካልሆነ አይመጣበትም። ነርሷ ከምትሠራበት ሆስፒታል አንድ ሰዓት ርቃ ትኖራለች፤ አስተማሪው ያገኘውን ሥራ የሚከራይ ክፍል አጥቶ ይተወዋል። ያ አስተማሪ በታውኑ ውስጥ ስለማይኖር በታውኑ ጉባኤ ድምጽ የለውም። በታውኑ ውስጥ የማይኖረው ደግሞ ቤት ስለሌለ ነው። ቤት የሌለው፣ ድምጽ ያላቸው ሰዎች ስላልፈቀዱ ነው። ክቡን አያችሁት?

መቼም «ድሃ አይምጣብን» ብሎ የሚነሣ ሰው የለም። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። በአንድ መስክ ላይ አሥራ ሁለት ቤት ይሠራ የሚል ማመልከቻ ይመጣና ጎረቤቶች ለስሚ ይጠራሉ። አንዱ የመኪናው ብዛት ያሳስበዋል። አንዷ የጉድጓድ ውኃዋ ይቀንስ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሦስተኛው ዕይታውን ይላል፤ አራተኛው የአካባቢው ጠባይ ይለወጣል ይላል። ሁሉም በጨዋ ቃል ነው። አንዳንዱም ሙሉ በሙሉ እውነት ነው፤ ብዙ መንደሮች የሕዝብ የፍሳሽ መስመር የላቸውም፣ እያንዳንዱ ቤት በራሱ ግቢ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው የሚያጣራው፣ አፈሩም ሁሉ አይሆንም። ቦርዱ ቢፈቅድ እንኳ ጎረቤት ለአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ወራት ያልፋሉ፣ የባንክ ወለድ ይቆጥራል፣ ሠሪው ሰልችቶት ይተወዋል። ማን ከለከለ? ማንም። እያንዳንዱ የተናገረው ስለ አንድ መስክ፣ ስለ አንድ ጉድጓድ፣ ስለ አንድ መታጠፊያ ነው። በሁሉም ታውን በሁሉም መስክ እንዲሁ ሲባል ግን ድምሩ በሞቴል ያደረው ሰው ነው። ከኛ አንዱ «ሁሉም አንድ አንድ ጠጠር ወርውሮ የሞተውን ማን ገደለው እንደ ማለት ነው» አለ። ሌላው ወዲያው «ጠጠር ወርዋሪ እኮ ዒላማውን ያያል፣ እነዚህ አላዩትም» ብሎ መለሰለት። እኛን የሚከብደን ይሄ አለማየት ነው። ያላዩት እዚያ ስላልነበረ ነው፤ እዚያ ያልነበረው ደግሞ እነሱ ባሉት ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ሌላውንም ወገን በደንብ መስማት ይገባል። በ1960ዎቹ ትልልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ወደ ቬርሞንት ሲገቡ የከተማ ገንዘብ ተከትሎ ገባ። በበረዶ ሸርተቴው ተራሮች ሥር ቤት በቤት ላይ ተሠራ፣ ፍሳሹም በየቦታው ወጣ። በ1970 ገዥው ዲን ዴቪስ ሕግ ቁጥር 250 የሚባለውን አስወጡ። ሰውየው የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰውና የኢንሹራንስ ኩባንያ ሹም የነበሩ ናቸው፤ አብዮተኛ ሊላቸው የሚችል የለም። ሕጉ ትልቅ ግንባታ ሁሉ ስለ ውኃ፣ ስለ አፈር፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውበት በአሥር መመዘኛ ይመርመር ይላል። መንፈሱ ግልጽ ነው፤ ያልተወለዱት በዚህ አዳራሽ ስለሌሉ እኛ እንቁምላቸው ማለት ነው። (ሕግ ባለበት ብልጠትም አለ፤ ምርመራው ከአሥር ቤት ስለሚጀምር ዘጠኝ ሠርቶ ማቆም የታወቀ ዘዴ ሆነ።)

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብቀው። ሁለቱም ወገን ጠበቃ የቆመው ለሌለ ሰው ነው። አንዱ ገና ላልተወለደው፣ ሌላው ተወልዶ ቤት ላጣው። ከሁለቱ የማንኛው ይግባኝ ይቀድማል?

እኛ ያልተወለደውን አንንቅም። ግን አንድ የሚያጠራጥር ነገር አየንበት። ያልተወለደው ሰው እጅግ የሚመች ደንበኛ ነው። መጥቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» አይልም። መኪናውን ከደጃችን አያቆምም፣ ልጁ ሌሊት አያለቅስም። የምንወደውን ሁሉ እንደሚወድልን አድርገን ልንስለው እንችላለን። ቤት ያጣው ግን ስም አለው፣ ዕዳ አለው፣ ምናልባትም የማንወደው ጠባይ አለው። ስለ ሩቁ ሰው ስንናገር የምንናገረው ስለ ራሳችን አለመሆኑን የሚያረጋግጥልን ማነው?

ደግሞ ጠባይ ስለሚሉት ነገር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እነዚህ ተራሮች በብዛት ራቁታቸውን ነበሩ፤ ጫካው ተመንጥሮ የበግ መሰማሪያ ሆኖ ነበር። ከዚያ ሱፉ ረከሰ፣ ለም መሬት በምዕራብ ተገኘ ተባለ፣ ሰዉም ነቅሎ ሄደ። ዛሬ ከስቴቱ ሦስት አራተኛው ያህል እንደገና ደን ነው። ከዚያ በፊትም የአቤናኪ ሕዝብ አገር ነበረች። ስለዚህ ዛሬ «የነበረው ጠባይ» ተብሎ የሚጠበቀው በከፊል የሰው መሄድ የፈጠረው ባዶነት ነው። ባዶነትን መውደድ ይቻላል፤ እኛም ለምደን ወደነዋል። ግን ከጥንት እንደ ነበረ አድርጎ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው።

ከሌላ ስቴት የመጣውን ሰው ቬርሞንቶች «ፍላትላንደር» ይሉታል፤ የሜዳ ሰው እንደ ማለት ነው። ደገኛው ቆለኛውን ሲጠራው የምናውቀው ቃና አለበት። ሠላሳ ዓመት ኖሮም መጤነቱ አይለቅቀውም ይባላል፤ ኧረ ስንቱን ሰፈር አስታወሰን! አንድ የጎጃም ልጅ ግን ጥሩ ነገር አነሣ። በጥንቱ የርስት ሥርዓት፣ እስከ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ድረስ፣ የሌለ ሰውም ድርሻ ነበረው። በእናቱ ወይም በአባቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን መቁጠር ከቻለ፣ ከሌላ አገር ተመልሶ «ድርሻዬን» ማለት ይችል ነበር። ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም፣ ዘር የሌለውም ያው ውጭ ቀረ። እዚህ የሌለ ሰው ድርሻ የሚያገኘው በአጥንት ሳይሆን በገንዘብ ነው። በኒውዮርክ የሚኖረው ሰው ቤቱ እዚህ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ይህን ስንል ከመካከላችን አንዱ «ትርፍ ቤት ይወረስ!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን የደስደስ የተሰለፈው ሕዝብ ጥቂት አልነበረም፤ ኪራይም ቀነሰ፣ ድሃው ከቤቱ አልተፈናቀለም። ይህን መካድ አይገባም። በኋላ ግን ጣራው ሲያፈስ የሚጠግን ጠፋ፣ የኪራይ ቤት የሚሠራም ጠፋ፣ የቀበሌ ቤትም ካንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ያልተወለደው ብቻ ሳይሆን ከገጠር የመጣውም ተራ አጣ። ውስጥ ያለውን ማዳንና ውጭ ላለው በር መክፈት ሁለት የተለያየ ሥራ መሆኑን ያየነው ከዚያ ነው።

ሌላም ያልተገኘ ሰው አለ። በ1940ዎቹ ቬርሞንት ከ11 ሺህ በላይ የወተት እርሻ ነበራት፤ አሁን ከ600 ያነሱ ናቸው። በቀሩት ትልልቅ እርሻዎች ላሙን የሚያልቡት ብዙዎቹ ከሜክሲኮና ከጓቲማላ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። የሚያድሩት እርሻው በሚሰጣቸው ቤት ስለሆነ ሥራ የለቀቀ ቤትም ይለቃል። በሞንትፒሊየርና በዊኑስኪ ከ2021 ወዲህ ዜግነት የሌላቸው ሕጋዊ ነዋሪዎች በከተማው ጉዳይ መምረጥ ተፈቅዶላቸዋል፤ ወረቀት የሌለው የበረት ሠራተኛ ግን የትም የለበትም። እነሱ ምን አደረጉ? ወደ አዳራሹ አልሄዱም። ወተቱን ወደሚገዛው ሄዱ። በ2017 ከቤን ኤንድ ጄሪስ አይስክሬም ኩባንያ ጋር «ወተት በክብር» የተባለውን ስምምነት ተፈራረሙ፤ ስለ ደመወዝና ስለ ዕረፍት ብቻ ሳይሆን ስለሚያድሩበት ቤት ጭምር የሚናገር ነው። ጉባኤው የማይሰማው ሰው ሌላ በር ፈልጎ አንኳኳ ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉም ቦታ ይሠራ ወይ? አይደለም። በጁላይ 2023 ጎርፍ ሞንትፒሊየርንና ባሬን አጥለቀለቀ፤ ልክ በዓመቱ በጁላይ 2024 ሌላ ጎርፍ ተመለሰ። በተራራ አገር ለጥ ያለው መሬት ያለው ወንዙ ዳር ነው፤ ድሮ ወፍጮውም ባቡሩም መንደሩም እዚያ የተተከለው ለዚህ ነው። ርካሹ ቤትም ያለው እዚያ ነው። ስለ ጠባይ የሚያወራውን ተጠራጥረን ስለ ውኃ የሚያስጠነቅቀውን ካልሰማን ድሃውን ከሞቴል አውጥተን ወንዝ ውስጥ እናስገባዋለን። የስቴቱ ምክር ቤት ይህን ለማመዛዘን የሞከረ ይመስለናል። በ2023 አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት በተፈቀደበት ሁሉ ለሁለት ቤተሰብም እንዲፈቀድ፣ የሕዝብ ውኃና የፍሳሽ መስመር ባለበት ደግሞ እስከ አራት እንዲሆን አደረገ። በ2024 ሕግ 250ን በመንደሮች መካከል የሚያላላ፣ በሚጠበቁ የተፈጥሮ ቦታዎች የሚያጠብቅ ማሻሻያ ሲያወጣ ገዥው ፊል ስኮት አልፈርምም ቢሉም ምክር ቤቱ ድምጹን ደግሞ አጸደቀው። የመጀመሪያው ሕግ ያደረገውን ልብ በሉ፤ ጎረቤት ስለ ሁለት ቤተሰብ ቤት ድምጽ እንዲሰጥ አልጠየቀም፣ ጥያቄውን ከእጁ አወጣው። ከኛ ግማሹ ይህን የዴሞክራሲ መጉደል አለው። ግማሹ፣ ስለ መንገድ ጠጠር መወሰን ሌላ፣ ማን ጎረቤቴ ይሁን ብሎ መወሰን ሌላ ነው አለ። የዚህ ጽሑፍ እጅ ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው፤ ጠጠሩ ያለው መንገዱን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው፣ የጎረቤቱ ጉዳይ ሲወሰን ግን ጎረቤቱ የለም።

በርሊንግተን ውስጥ በ1984፣ በርኒ ሳንደርስ ከንቲባ በነበሩ ጊዜ የተቋቋመ አንድ የመሬት ማኅበር አለ፤ ዛሬ ሻምፕሌን ሃውሲንግ ትረስት ይባላል። መሬቱ የማኅበሩ፣ ቤቱ የሰውየው ነው። ሰውየው መሬቱን በረጅም ሊዝ ይይዛል፤ ሲሸጥ ከዋጋው ጭማሪ ሩብ ያህሉን ይወስድና የቀረው ቤቱ ውስጥ ይቀራል፤ ቀጣዩ ገዢም በሚችለው ዋጋ ያገኘዋል። የሊዝን ነገር ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ የከተማ መኖሪያ ቦታ በ99 ዓመት ሊዝ የሚያዝበት አገር ልጆች ነን። የኛው አከራይ መንግሥት ነው፤ የበርሊንግተኑ አከራይ ግን በአስተዳደር ቦርዱ ውስጥ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚቀመጡበት ማኅበር ነው። ዛሬ የሚሸጠው ሰው ያላየውን፣ ስሙን የማያውቀውን ገዢ በውሉ ላይ አስቀድሞ አስገብቶታል። ይህን ስንነጋገር ያ «ትርፍ ቤት» ያለው ልጅ «ታዲያ የቀሩትን ሦስት ሩቦች ለማያውቀው ሰው የሚተው ማነው?» ብሎ ጠየቀን። አሉ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው አልነው። አላመነም፣ እናንተስ?