ትዕግሥት ያጣ ጆሮ

በዘመናችን ሰው ሁሉ ስለ ጊዜ ማጠር ያማርራል። ወዳጃችን ነገሩን ሲጀምር ፍጻሜውን አስቀድመን ለመስማት እንቸኩላለን፤ መጽሐፍ ስንገልጥ ገጹን እንዘላለን፤ በእጅ ስልካችን የምናየው አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል እንኳ ጥቂት ቢዘገይብን በጣታችን ገፍተን ሌላ እናመጣለን። ይህም ጊዜን መቈጠብ ይመስለናል። ነገር ግን ያተረፍነው ጊዜ ወዴት እንደ ገባ ብንጠየቅ መልስ የለንም። ስለዚህ ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ሳይሆን የልብ ጉዳይ ነው።

የዮሴፍን ታሪክ እንመልከት። ታሪኩ ሲጀምር የ17 ዓመት ብላቴና ነበረ፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም ግን 30 ዓመት ሆኖት ነበረ። በመካከሉ 13 ዓመት አለ። የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ ከእስራት ከወጣ በኋላ እንኳ ረስቶት ሁለት ዓመት በግዞት ቤት ቈየ። ትዕግሥት የሌለው አንባቢ ከጕድጓዱ ወደ ሹመቱ መዝለል ይወዳል። ዳሩ ግን በረኀብ ዘመን ወንድሞቹን ይቅር ያለው ሰው የተሠራው በዚያ በሚዘለለው መካከል ነው። መካከሉን የዘለለ ሰው የሹመቱን ወሬ ይሰማል እንጂ ይቅርታው ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ አያውቅም።

ሊቃውንቶቻችንም ይህንኑ በማኅሌት ያስተምሩናል። ዜማው አስቀድሞ በመቋሚያ፣ በዝማሜ፣ ዝግ ብሎ ይባላል፤ ቀጥሎ በከበሮና በጸናጽል በመረግድ ይሄዳል፤ በኋላም በጽፋት ይፈጥናል። በጽፋቱ ሰዓት ብቻ የደረሰ ሰው ጭብጨባውን ያገኛል፤ የደስታው ሙላት ግን ሌሊቱን ቆሞ ከዘመመው ዘንድ ነው።

እንዲህ ስንል ዝግታን ሁሉ ማመስገናችን አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ በቸገራት ጊዜ የደረሰላት ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ደግሞም ድኻውን በየቢሮው ደጅ የሚያመላልስ ሰው በዳይ ነው እንጂ ታጋሽ አይባልም። ነገር ግን በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተቈርጦ በጥቂት ዓመት ከጕቶው ሲያቈጠቍጥ እናያለን፤ ጽድን የተከለ ሰው ግን ለልጅ ልጁ ተከለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ስሕተቱ ጽዱን በባሕር ዛፉ ልክ መጠበቅ ነው።

ይህ ስሕተት ወደ ሰው ሲዞር ኀጢአት ይሆናል። ከተራራው በየካ በኩል ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወርደው ቍልቍለት እናቶች ያንኑ ባሕር ዛፍ ተሸክመው፣ ጐንበስ ብለው፣ እግራቸውን እየመረጡ ይወርዳሉ። ከኋላቸው በመኪና የምንመጣው ጡሩምባ እንነፋለን። የምናተርፈው ጥቂት ሰኮንድ ነው፤ እናቲቱ ግን ደንግጣ ወደ መንገዱ ዳር ስትሸሽ ሸክሟ ያዘነብላል። በቤታችንም እንዲሁ ነው። ሽማግሌ አባት የነገረንን ደግሞ ሲነግረን፣ ኀዘንተኛ ቃል አጥቶ ዝም ሲል፣ ንስሓ ሊገባ የመጣ ሰው በዙሪያ መንገድ ወደ ነገሩ ሲቀርብ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» እንላለን። ይህ የአንደበት ጡሩምባ ነው። ንግግሩን ያስረዘመው እፍረት ነበረና፣ ያ ሰው የመጣበትን ሳይናገር ተመልሶ ይሄዳል። ሁለተኛም ላይመጣ ይችላል።

እንግዲህ በጥቂቱ እንጀምር። በዚህ ሳምንት አንድ ታሪክ ሳንዘል እስከ ፍጻሜው እናንብብ። አንድ ሽማግሌ ሳናቋርጥ እናድምጥ። በእንጦጦ ቍልቍለት ሸክም የያዘች እናት ብናገኝ ጡሩምባውን ትተን ከኋላዋ በዝግታ እንከተል። እግዚአብሔር የእያንዳንዳችንን ረጅም ታሪክ፣ ከነመደጋገሙ፣ ሳያቋርጥ ይሰማናልና።