የጎዳን ሁሉ ጠላታችን ነውን?

ጉዳት ያደረሰብንን ሁሉ ልንጠላ ይገባናልን? ጥያቄውን በአንድ ሰው ታሪክ እንመርምረው።

ሮድኒ ፎክስ የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ1963 በአልዲንጋ የባሕር ዳርቻ፣ እየጠለቁ ዓሣ በጦር በመውጋት ውድድር ላይ ሳለ፣ ታላቁ ነጭ ሻርክ ደረቱን ነከሰው። የአውሬውን ዓይን በጣቱ እየወጋ ታግሎ አመለጠ። በአቅራቢያው የነበሩ ሰዎች በጀልባ አውጥተው ፈጥነው ወደ ሐኪም ባያደርሱት ኖሮ፣ ትግሉ ብቻውን ባላዳነው ነበር። ቁስሉ የተዘጋው ከ400 በሚበልጥ ስፌት ነው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ፎክስ ግን በወራት ውስጥ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ሻርክን በቅርብ ለማየት የሚያስችል የብረት ፍርግርግ ሠራ፤ ኋላም ሻርኮች በከንቱ እንዳይገደሉ ተሟገተ።

አንዳንዱ፣ «አውሬን ማዘን ሞኝነት ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን ፍርግርጉን መሥራቱ አደጋውን እንዳልዘነጋ ይመሰክራል። መጠንቀቅ አንድ ነገር ነው፤ መጥላት ሌላ ነው። ሻርክ የሚነክሰው እንደ ተፈጥሮው ነው፤ ክፋት ግን ማሰብንና መምረጥን ይጠይቃል። በቀልም የሚያስብ ፍጡር ምርጫ ነው። እንግዲህ ዓሣው በማይጠየቅበት ነገር እኛ እንጠየቅበታለን ማለት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ከክፉ ቀን ስንተርፍ ጥንቃቄን ይዘን እንውጣ፤ ጥላቻን ግን እዚያው ባሕሩ ውስጥ እንተወው። ላወጡን እጆች ያለብንን ውለታም አንርሳ።