ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ማን ይጠብቀው?



ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። በንባብና በጽሕፈት ወደ ኋላ የቀረ ትንሽ ልጅ ብንረዳ፣ የምናደርገው ቸርነት ነውን ወይስ የምንከፍለው ዕዳ?

ጥያቄው ከሩቅ የመጣ አይደለም። በዚሁ በመካነ ሰላም፣ ከሕፃናቱ ክፍል አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እንዲያነብ ተነሥቶ ነበር። ልጁ ከጓደኞቹ የሰማውን በቃሉ አወረደው። ከሌላ መስመር ጀምር ሲባል ግን ዝም አለ። እኛም ሳቅን። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ያን ሁሉ በቃሉ መያዙ ራሱ ለጉብዝናው ምስክር ነው። የጎደለው ፊደል ነበር፤ እኛ ግን ኀፍረት ጨመርንለት።

እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአማርኛና በሌሎች አምስት የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወሎ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. በክልላችን የተነሣው ግጭት ደግሞ የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ዘጋ። በዚህ ላይ እረኝነቱ አለ። እንግዲህ የልጁ ጥፋት የቱ ላይ ነው?

አንዳንዶቻችን «ማስተማር የመምህሩና የወላጁ ድርሻ ነው፤ እኛም የራሳችን ፈተና አለብን» እንላለን። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ዳሩ ግን ክፍል ሙሉ ልጅ የያዘ መምህር ለእያንዳንዱ እንዴት ይድረስ? ፊደል ያልቆጠረ አባትስ ቢወድ ከየት አምጥቶ ያስተምር? እኛም ብንሆን ፊደል ይዘን አልተወለድንም፤ አንድ ሰው ጊዜውን ሰጥቶን ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ካስተማሩት መካከል ብዙዎቹ እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ። የፊደል ዕዳ ለአበዳሪው አይመለስም፤ የሚከፈለው ከኋላ ለሚመጣው ነው። ስለዚህ እርዳታችን ዕዳ እንጂ ቸርነት አይደለም እንላለን። ቸርነት ነው ያለ ሰው ሲደክመው ይተወዋል፤ ልጁም እንዲያመሰግነው ይጠብቃል።

መርዳት ማለት ግን በልጁ ፈንታ መሥራት አይደለም። ቃሉን በጆሮው ሹክ ማለት፣ የቤት ሥራውን ጽፎ መስጠት ችግሩን መሸፈን ነው። የጥንቱ ትምህርት ለዚህ መላ አለው። ሀ ሁን በቃል ማውረድ ይቻላልና፣ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፤ ፊደሉ ከተለመደው ተራ ወጥቶ «አ ቡ ጊ ዳ» ሲባል ልጁ በዓይኑ መለየት ግድ ይሆንበታል። እኛም እንዲሁ እናድርግ። በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ጥቂት ፊደል ብቻ፤ ሰን ከሸ፣ ተን ከቸ፣ ነን ከኘ በስንጥር እየነካን እናስለየው። በመጀመሪያ የገዛ ስሙን፣ ከዚያም የሚጠብቃቸውን ከብቶች ስም ይጻፍ። ከእኅቱ ጋር አናወዳድረው። ፊደሉን ወደ ዓይኑ እጅግ የሚያስጠጋ ወይም ስንጠራው የማይሰማ ቢሆን፣ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ለወላጆቹ እንንገር። የጎረቤታችን የሙስሊሙም ልጅ ቢሆን ፊደሉ አንድ ነውና አንለይ።

ያን ልጅ ከቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። አባቱም ከብቶቹ ከገቡ በኋላ እንድናስጠናው ፈቀዱልን። ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ስሙን ግን ማንም ሳይነግረው ይጽፋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

እስቲ እያንዳንዳችን እንጠይቅ፦ በሠፈራችን ስንሥቅበት የቀረው ልጅ ማን ነው? ዛሬ ማታስ ማን ይሄድለታል?