ባሕር ለሚገባ የመርሐቤቴ ልጅ

ደርባን ሱቅ ከከፈትክ ወዲህ እሑድ እሑድ ባሕር ዳር እንደምትውል ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ በደረት ተኝተው ማዕበል የሚጋልቡበትን፣ ቦዲቦርድ የሚሉትን ልትገዛ ነው አሉ። ግዛ። እናትህ «ምን ጎደለው ብሎ ነው ውሃ የሚገባው?» እያለች ዓለም ከተማን አዳርሳለች። እኔ ግን ሱቄን እየዘጋሁ ወደዚያው ዳርቻ ስሄድ የኖርኩ ሰው ነኝና ለመከልከል አፍ የለኝም። የምነግርህ ግን አለኝ።

«ጀማን በክረምት የተሻገርኩ ነኝ» አትበል። በጀማና በወንጭት መሀል ያደገ ልጅ ውሃ አይፈራም፤ የሚያሰጋኝም እሱ ነው። የእኛ ውሃ መንገዱ አንድ ነው፤ ወንጭት ጀማ ይገባል፣ ጀማ አባይ ይገባል፣ አለቀ። ደራሽ ሲመጣም ድምፁ ይቀድመዋል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ግንድ ያንከባልላል። ባሕር ግን ይመጣል፣ ይመለሳል፣ በጎንም ይሄዳል። ጸጥ ብሎ ይቆይና ትልልቁን ማዕበል አከታትሎ ይልካል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ይላል። ስለዚህ እንደደረስክ ልብስህን ጥለህ አትግባ። አሸዋው ላይ ቁጭ በልና ትልልቆቹ በየስንት ጊዜው እንደሚመጡ፣ የት እንደሚሰበሩ ግማሽ ሰዓት ያህል እይ።

ስታይ ማዕበል የማይሰበርበት፣ ጠቆር ያለ፣ ረጋ ያለ የሚመስል ጠባብ መንገድ ታገኛለህ። አዲስ ሰው ደህና መግቢያ ይመስለዋል። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ወደ ጥልቁ የሚመለሰው ግን በዚያ ነው። ከወሰደህ ፊትህን ወደ ዳር አዙረህ አትታገል፤ የሚገድለው ድካሙ ነው። ጀማ ሲሞላ ሽቅብ የሚዋኝ አለ? አግድም ሰንጥቀህ ከታች ትወጣለህ። እዚያም ከዳርቻው ጎን ለጎን ሂድ፤ መሳቡ ሲለቅህ ነጩ አረፋ ባለበት በኩል ተመለስ። ካቃተህ ቦርዱን አቅፈህ እጅህን አንሳ፤ ነፍስ አድኖቹ ያዩሃል።

ነገሩ ለእኛ ጨርሶ ባዳ አይደለም። የአባይ በረሃ ሰው ድሮ በተነፋ የፍየል ቆዳ፣ ኋላም በባዶ ጀሪካን ደረቱን አስደግፎ እግሩን እየመታ ሲሻገር ኖሯል፤ ለጨዋታ ሳይሆን ለገበያው ነው እንጂ። የፓስፊክ ደሴት ሰዎችም በእንጨት ሳንቃ ላይ ተኝተው ማዕበል ይጋልቡ ነበር። የዛሬውን ለስላሳ ቦርድ ያመጣው ቶም ሞሪ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሐዋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1971፣ በእኛ ሰኔ 30 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ አንድ ቁራጭ ፎም ቆርጦ፣ ጋዜጣ አልብሶ በልብስ ካውያ ቅርጽ አስያዘውና ይዞት ባሕር ገባ። አንተ ካለህበት አገር ደግሞ አንድሬ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሐዋይ ፓይፕላይን ላይ አንድ ሰርፈር ራሱን ስቶ ቢያገኘው እዚያው ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ሰጥቶ ያተረፈው እሱ ነው። ከሁለቱ ዋንጫ ይልቅ ይህን አከብርለታለሁ።

ወደ ሥራው ልግባ። ቦርዱን መሬት ላይ ስታቆመው እምብርትህ ጋ ይድረስ። ገመዱን ከክርንህ በላይ እሰር። መጀመሪያ ወገብህ ድረስ ብቻ ግባና ተሰብሮ በሚመጣው ነጭ አረፋ ተለማመድ። የታችኛው ሆድህ የቦርዱ ጭራ ላይ ይረፍ። ወደ ፊት ከተሳብክ አፍንጫው ይሰምጥና በጭንቅላትህ ትተከላለህ፤ ወደ ኋላ ከቀረህ ማዕበሉ ጥሎህ ያልፋል። ማዕበሉ ሳይደርስብህ እግርህን መምታት ጀምር፤ ደርሶ እስኪያነሳህ ከጠበቅህ ዘግይተሃል። ወደ ቀኝ መሄድ ስትፈልግ ቀኝ እጅህ አፍንጫውን፣ ግራህ የግራውን ጠርዝ ይያዝ፤ ከዚያ የቀኝ ክርንህንና ዳሌህን ተጫን። ይኼ ቶሎ ይለመዳል። ዳር ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ በአንዴ የሚደረመሰውን ማዕበል ግን ሽሸው፤ አንገት የሚሰብረው እሱ ነው።

እዚህ ክረምት በሚሆንበት ጊዜ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እዚያ ትልልቁ ማዕበል የሚመጣበት ወቅት ነው። ለጀማሪ አይሆንም። ሻርክ ካስፈራህ፣ ደርባን እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ መረብ አላት። መረቡ ግን አጥር አይደለም፤ ከላይም ከጎንም ክፍት ነው። ከዝናብ በኋላ የኡምጌኒ ወንዝ ባሕሩን ሲያደፈርሰው አትግባ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022ቱ ጎርፍ የፍሳሽ መስመሩ ፈርሶ ዳርቻዎቹ ለዋና ሲዘጉ ያየ ሰው ድፍርስ ውሃ አይደፍርም።

ብቻህን አትግባ። ለጊዜው ነፍስ አድኖቹ ባንዲራ በተከሉበት አካባቢ ሁን፤ ቦርድ የት እንደሚፈቀድም እነሱን ጠይቅ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ገንዘቡ ካጠረህ ቦርዱን ያገለገለ ግዛ። ከመክፈልህ በፊት ሆዱን አገላብጠህ አግድም የታጠፈበት ሽብሽብ መኖሩን እይ፤ ካለ ተወው፣ ማዕበል ላይ ይተጣጠፋል። እግር ላይ የሚጠለቀውን መቅዘፊያ ግን አዲስና ልክህ የሆነ ግዛ። ሰፊው በመጀመሪያው ማዕበል ይወልቃል፣ ጠባቡ ይልጥሃል፤ ካልሲ አድርገህ ለካው።