እውነትና ንጋት በኤምባሲ መስኮት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም በአንድ መንደር በሚያድሩበት አገር ነው። ሽማግሌው ዛሬ ያልጠራለትን ነገር «ይደር» ይልና ቀጠሮ ይሰጣል። እስከ ቀጠሮው አንዱ ለቅሶ ቤት የሰማውን፣ ሌላው ገበያ ያየውን ያወራል፤ የዋሸውም ሰው ደጋግሞ ሲናገር ቃሉ ይፋለስበታል። ተረቱ ትዕግሥትን ብቻ የሚመክር ይመስላል እንጂ ከሥሩ አንድ የተማመነበት ነገር አለ፦ ነገሩ እስኪጠራ ድረስ የሚያየው ሰው ከቦታው አይሄድም።

ይህንኑ ተረት ባላቸው ወይም ሚስታቸው አሜሪካ ሆነው ቪዛ ለሚጠባበቁ ሰዎች እናድላቸዋለን። «ጋብቻችሁ እውነት ከሆነ ምን ያስፈራችኋል?» እንላለን፤ መካሪ መሆን ቀላል ነው።

እርግጥ ማደሩ ሞልቷል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነው የትዳር ጓደኛ አይ-130 የሚባለውን ማመልከቻ ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን ያስገባል። ሲጸድቅ ፋይሉ ኒው ሃምፕሻየር ወዳለው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይዛወራል። እዚያ ክፍያው ይከፈላል፣ ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ይሞላል፣ የልደት፣ የጋብቻና የፖሊስ ማስረጃ ይያያዛል። የስፖንሰሩ ገቢም ለቤተሰቡ ብዛት ከተቀመጠው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረሱ አይ-864 በሚባለው ቅጽ ይታያል። በመጨረሻ የሕክምና ምርመራና እንጦጦ መንገድ ባለው ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ይቀራል። በዚህ ሁሉ መሐል ወራት አልፈው ዓመት ይዞራል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ጋብቻውን ያየ ሰው የለም፤ ፋይሉ ተራ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ጋብቻው የሚታየው መስኮቱ ፊት በሚቆዩባት ጥቂት ደቂቃ ነው። መስኮቱ ወዲያ ያለው መኮንንም ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ አገር ይመደባል እንጂ፣ ባልና ሚስቱ ልጅ ወልደው ክርስትና ሲያነሡ አያይም።

በነዚያ ደቂቃዎች እውነት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። ሚስቲቱ «መቼ ተጋባችሁ?» ትባላለች። ጥር 2012 ነው፤ ፋይሉ ላይ ግን ጃንዋሪ 2020 ተብሏል። ሁለቱም ልክ ነው። ደንግጣ እዚያው ቆማ ልትለውጥ ስትሞክር ግን፣ ልዩነቱ እንደ ወሩ አንዴ ሰባት አንዴ ስምንት ዓመት ነውና፣ ባሏ ያልጻፈውን ዓመት ትናገራለች። እኔን ብትጠይቀኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ገልጻ እንዳለ ብትናገር ይሻላል እላለሁ። የስም ጉዳይም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ ይህን እንኳ መኮንኖቹ ያውቁታል። አስቸጋሪው ኃይለማርያም በአንዱ ወረቀት አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆኖ የተጻፈ እንደሆነ ነው።

ጋብቻው ራሱም ለማስረጃ ታስቦ አልተፈጸመም። ልጁ ፈቃድ ወስዶ አሜሪካ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ በጥር ይሰረጋል፣ የቅልቅሉ ድግስ ሳይበርድ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ ስልክ ነው፤ ብሩንም በሚመጣ ሰው እጅ ይልካል፣ ደረሰኝ የለውም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመውን ሁሉ ጋብቻ ብሎ ያውቃል። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመረው ግን በ2008 ነው። ከዚያ በፊት በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ፊት የተጋቡ ሰዎች የምስክር ወረቀታቸውን ያወጡት ከሠርጋቸው ብዙ ዘግይተው ሊሆን ይችላል፤ ለምን እንደዘገየም ይጠየቃሉ። በአንጻሩ በገንዘብ ተስማምተው የተፈራረሙት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚጠየቁ ስለሚያውቁ አልበማቸው የተሟላ ነው፣ ደረሰኛቸው በቀን በቀን ተሰድሯል። የወረቀት ጋብቻ ወረቀት አይቸግረውም። ተረቱ ያላሰበበት ይህን ይመስለኛል፤ እያደር የሚጠራው እውነት ብቻ አይደለም፣ ጊዜ ከተሰጠው ውሸትም ይሰናዳል።

ያልጠራው ነገርስ? መኮንኑ በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 221(ጂ) ወረቀት ይሰጥና ማስረጃ ይጨመር ወይም ተጨማሪ ማጣራት ይደረግ ይላል። ይህ የሽማግሌው «ይደር» ይመስላል፤ ግን የቀጠሮ ቀን የለውም። ለይቶ ከተከለከለም የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የቆንስላን ውሳኔ ብዙም አይነኩም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2024 ሙኞዝ በተባለው ጉዳይ፣ አንድ ዜጋ የውጭ አገር የትዳር ጓደኛው እንዲገባለት የሚጠይቅበት መሠረታዊ የሕገ መንግሥት መብት የለውም ብሎ ወስኗል።

የሚገርመው አሜሪካኖቹም በራሳቸው መንገድ ተረቱን ያውቁታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በወጣው የጋብቻ ማጭበርበር ማሻሻያ ሕግ መሠረት፣ አገሪቱ ሲገቡ ጋብቻቸው ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰዎች የሚሰጣቸው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ነው። ጊዜው ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት አብረው አይ-751 የሚባለውን ቅጽ ያስገባሉ፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የልጅ ልደት ይያያዛል። እያደር ይጥራ ማለት ነው። ግን ይህ ማደር ለክፉ ሰው መሣሪያ ሆኗል። «ወረቀትሽን አልፈርምልሽም» የሚለውን ማስፈራሪያ የሰሙ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ሕጉ ኋላ ላይ ተሻሽሎ ድብደባና ግፍ የደረሰባት ሚስት ያለ እሱ ፊርማ ማመልከት እንድትችል ሆኗል፤ ብዙዎቹ ግን ይህን ሳይሰሙ ችለው ይኖራሉ።

ትዳሩ በሁለተኛው ዓመት ቢፈርስስ? እኛ ዘንድ ፍርዱ ፈጣን ነው። «ተፋቱ እኮ፤ ድሮም ለወረቀት ነበር» ይባልና ነገሩ እያደር ጠራ ተብሎ ይዘጋል። ቅጹ ግን እንዲህ አይልም። ቅጹ የሚጠይቀው በተጋቡበት ዕለት አብረው ሊኖሩ አስበው ነበር ወይ ብሎ ነው፤ የተፋታችው ሚስት ያንን ካስረዳች ብቻዋን አመልክታ ካርዷን ልታጸና ትችላለች። ፍቺ የኋላውን ትዳር ውሸት አያደርገውም ማለት ነው። እዚህ ላይ እኔ ከተረቱ ይልቅ ከቅጹ ጋር ነኝ።