ዝም ያለ ሁሉ ጥፋተኛ ነውን?

የሰው አእምሮ ለፍርድ ይቸኩላል። ድምፁ የጠፋውን ዕቃ ሲያይ «ይህ ተበላሽቷል» ይላል፤ መልስ ያልሰጠውን ሰው ሲያይም «ይህ አጥፍቷል» ይላል። የአገራችን ሰው «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ዝምታን ቢያመሰግንም፥ በሥራ ቦታና በፍርድ ፊት ዝም ያለው ብዙ ጊዜ ሲጠረጠር እንጂ ሲመሰገን አይታይም። ታዲያ ዝምታ የሚመሰክረው በዝምተኛው ላይ ነውን? ወይስ ከእርሱ በስተጀርባ ባለ በሌላ ነገር ላይ? ይህን ጥያቄ በረቂቅ ቃል ብቻ ከመመርመር፥ እጅ በሚዳስሰው ነገር መመልከት ይሻላልና፥ ምሳሌያችንን ከአንድ ያረጀ የቅንጦት መኪና እንውሰድ።

ቶዮታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሌክሰስ ኤል ኤስ 400 ያለውን መኪና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በዲትሮይት ከተማ ለሕዝብ አሳየ። ባለ 8 ሲሊንደርና ባለ 4 ሊትር የሆነው ሞተር እጅግ የለዘበ ስለ ነበረ፥ በማስታወቂያው ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆዎች በኮፈኑ ላይ እንደ ግንብ ተደርድረው፥ ሞተሩ እየሠራ አንዱም ሳይወድቅ ታይተዋል። እንግዲህ መኪናው የተመሰገነው በዝምታው ነው። ነገር ግን በዚያው መኪና ውስጥ ዝም ማለት የማይገባው አንድ አካል አለ፤ ይኸውም ከኋላ መቀመጫው ጀርባ፥ በመስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ የሚተከለው፥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው፥ ሰብዉፈር የሚባለው ስፒከር ነው። በአንድ መኪና ውስጥ አንዱ ዝምታ ክብር፥ ሌላው ዝምታ ሕመም ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ዝምታ ምክንያቱን ሳናውቅ ልናመሰግነውም ልንነቅፈውም አንችልም።

የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ለመስማት ይችላል። የሰብዉፈር ድርሻ ከሁሉ በታች ያለው፥ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ ገደማ በታች የሚርገበገበው ነው፤ የትልቁ ከበሮ ምትና የቤዝ ጊታር ወፍራም አውታር የዚህ ወገን ናቸው። ጆሮ ይህን ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣ ለመለየት ይቸገራል። በዚህም ምክንያት ሰብዉፈሩ ሲሠራ «እርሱ ደኅና ሠራ» የሚለው የለም፤ ምስጋናው ሁሉ ለዘፋኙ ይሄዳል። ዝም ባለ ጊዜም ባለመኪናው ለብዙ ወራት «ሙዚቃው ቀጭን ሆነብኝ» ይላል እንጂ የጐደለው ምን እንደ ሆነ አያውቅም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገቡን አደራጅቶ፥ ደብዳቤውን በጊዜው አድርሶ፥ ሥራውን ሁሉ ከሥር ደግፎ የሚይዝ ስሙ የማይጠራ ሠራተኛ ዕድሉ እንደዚሁ ነው፤ መኖሩ የሚታወቀው ሥራው በጐደለ ቀን ነው፤ በዚያችም ቀን ስሙ የሚነሣው ለወቀሳ ነው።

ባለመኪናው ነገሩን የነቃ ዕለት ፍርዱ ፈጣን ነው፤ «ስፒከሩ ሞቷል፤ አውጥታችሁ ሌላ ግጠሙ» ይላል። ይህ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የተባለው ነው። ሰብዉፈሩ የሰንሰለት መጨረሻ ነውና፤ ራዲዮው መልእክቱን ለአምፕሊፋየሩ ይሰጣል፥ አምፕሊፋየሩ ኃይል ጨምሮ በሽቦ ይልከዋል፥ ስፒከሩም የደረሰውን ብቻ ይናገራል። የመጨረሻው ዝም አለ ማለት ከእርሱ በፊት ካሉት አንዱ ዝም ብሏል ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅን መርማሪ ሥርዓት አለው፤ ወጪ ከሌለውና ማንንም ከማይጐዳው ይጀምራል፥ እያንዳንዱን አካል ለብቻው ይጠይቃል፥ ፍርድን ለመጨረሻ ያቈያል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበው ለባለመኪናው ለራሱ ነው። የወፍራም ድምፅ መቈጣጠሪያው ወደ ታች ወርዶ፥ ወይም ድምፁ ሁሉ ወደ ፊት መቀመጫ ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ እንደ ሆነ፥ ከኋላ ያለው ስፒከር ምን ይናገር? የሚሰማውም ዜና ብቻ ከሆነ፥ ሰብዉፈሩ ዝም ያለው የእርሱ ድርሻ የሆነ ድምፅ ስለሌለ ነው። ይህ ምርመራ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ አንድ ቡሎንም አያስፈታም። ሆኖም መርማሪውን ራሱን ስለሚመረምር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ፊውዝ ነው። ፊውዝ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ራሱ ቀልጦ ሽቦውን ከቃጠሎ የሚያድን ቀጭን ብረት ነው። የተቃጠለውን ልኩ በሆነ በሌላ መተካት ተገቢ ነው፤ አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ግን ምስክርነቱን መቀበል እንጂ፥ በእርሱ ፈንታ ወፍራም ሽቦ አስገብቶ ማፈን አይገባም። የእውነተኛ ምስክርን አፍ የሚዘጋ ሰው ኋላ መኪናው ሲቃጠል ያያል።

በሦስተኛው ደረጃ ተከሳሹ ራሱ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀውም ከሌሎቹ ተለይቶ ነው። ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ሽቦ ይነቀልና፥ 1.5 ቮልት ያለው ተራ የባትሪ ድንጋይ በስፒከሩ ሁለት ጫፎች ላይ ለቅጽበት ይነካል። የስፒከሩ ወረቀት ተንቀሳቅሶ ጥቂት ድምፅ ከሰጠ ሕያው ነው። በማግኔቱ መካከል ያለው ጥምጥም ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ወረቀቱን ይገፋዋልና፤ ራይስና ኬሎግ የተባሉት የአሜሪካ መሐንዲሶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. ያሳዩት ይህ አሠራር እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። የኤሌክትሪክ መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ኦም ካነበበ ጥምጥሙ ደኅና ነው፤ ምንም መንገድ ካላገኘ ተቈርጧል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ፥ ሙት ተብሎ የቆየው ስፒከር የመናገር ችሎታውን ሳያጣ፥ የሚናገረውን የሚሰጠው አጥቶ እንደ ነበረ ይገለጣል።

ስፒከሩ ነጻ ከወጣ ምርመራው ወደ አለቃው ይወጣል። ሌሎቹ ስፒከሮች የሚናገሩ ከሆነ ራዲዮው አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው፤ ጥያቄው ለአምፕሊፋየሩና ለሽቦው ነው። አምፕሊፋየር አራት ነገር ይፈልጋል፤ 12 ቮልት ያህል ኃይል፥ ከመኪናው ብረት ጋር በደኅና የታሰረ የመመለሻ ሽቦ፥ ራዲዮው ሲከፈት የመነሻ ትእዛዝ የሚያደርስለት ሌላ ቀጭን ሽቦ፥ በመጨረሻም መልእክቱ ራሱ። የመመለሻው ሽቦ የታሰረበት ቡሎን በመዛጉ ብቻ ደኅናው አምፕሊፋየር ዝም ሊል ይችላል። አራቱም ደርሰውት ዝም ቢል ግን ጥፋቱ በውስጡ ነው፤ በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉት ኃይል አጠራቃሚዎች በዕድሜ ብዛት ይደርቃሉ፥ ወይም ፈሳሻቸው ወጥቶ የተተከሉበትን ሰሌዳ ይበላዋል።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ዝም ያለውን ጥሎ አዲስ መግጠም አይቀልምን?» ይል ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሳይመረምር ዕቃ የሚለውጥ ሠራተኛ የሚማረው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው፤ ሦስት ደኅና ዕቃዎችን ጥሎ አራተኛው ላይ ቢደርስ «አገኘሁት» ይላል፥ የሦስቱን ዋጋ የከፈለው ግን ባለመኪናው ነው። ሁለተኛ፥ የተበላሸው አምፕሊፋየር ከሆነና ሊልከው የማይገባውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚልክ ከሆነ፥ የአሮጌውን ስፒከር ጥምጥም እንዳቃጠለ የአዲሱንም ያቃጥላል። ተተኪውም እንደ ፊተኛው ዝም ይላል፤ «ይህም የማይረባ ነው» ተብሎ ይጣላል። በአንድ ወንበር ላይ ሦስት ሰዎች ተፈራርቀው ሦስቱም ሲከሽፉ፥ ወንበሩን የሚመረምር ከሌለ አራተኛውም ዕጣው ያው ነው።

እውነት ነው፥ አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱ በእርግጥ የስፒከሩ ነው። የወረቀቱን ዳር የሚይዘው የስፖንጅ ቀለበት በፀሐይ፥ በሙቀትና በእርጥበት ብዛት በዘመናት ይፈረፈራል፤ በኋላ መስኮት ሥር ለተተከለ ስፒከር ፀሐይ ቅርብ ናት። ነገር ግን ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ ድምፁን ያዳክማል፥ ያንኰሻኵሻልም እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም፤ ስለዚህ ተዳክሞ የሚንተባተበውና ፈጽሞ ዝም ያለው በአንድ ዓይን አይታዩም። ቀለበቱ ብቻ ከሆነ ያለቀው፥ በማጣበቂያ አዲስ ቀለበት ይለጠፍለታል፤ ማግኔቱና ጥምጥሙ ደኅና የሆኑትን መጣል አባካኝነት ነው። ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘውም እንኳ ከጥፋቱ ልክ በላይ ሊቀጣ አይገባም።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ እንስጥ። ዝምታ ምስክር ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንደ ጐደለ ይነግረናል እንጂ ማን እንዳጐደለው አይነግረንም። ይህን ሳይለይ የሚፈርድ ሰው በድሃው ላይ ይፈርዳል፤ ምክንያቱም በሰንሰለቱ መጨረሻ የሚገኘው ሁልጊዜ ደካማው ነው። ሹም የበታቹ ሥራ ሲቆም፥ ትእዛዙ ለሠራተኛው ደርሶት እንደ ሆነ፥ መሣሪያውም በእጁ እንደ ነበረ አስቀድሞ ይጠይቅ። መምህር ተማሪው ሲጠየቅ ዝም ቢል፥ ትምህርቱ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰምቶ እንደ ነበረ ይመርምር። ተማሪም ይህን የመጠየቅ ሥርዓት ከአሁኑ ይልመድ፤ ነገ በሌላው ላይ የመፍረድ ተራው የእርሱ ይሆናልና።