ለብርድ ጠዋት ብቻ

እ.ኤ.አ. በ1976 ቮልስዋገን ናፍጣ ጎልፍን ለገበያ ሲያወጣ 1.5 ሊትሩ ሞተር 50 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ብዙ ሰው የሚያነሳለት የነዳጅ ቁጠባውን ነው፤ እኔ ግን በእነዚያ የድሮ ጎልፎች ላይ የምወደው በብርድ ጊዜ የሚሳበውን እጀታ ነው። ሹፌሩ ሲስበው ገመዱ የቦሽ ናፍጣ ፖምፓ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ክንድ ይጎትታል፤ ውስጥ ያለው የሮለር ቀለበት ጥቂት ዲግሪ ይዞርና ናፍጣው ከወትሮው ቀድሞ ይረጫል። ሞተሩ ሞቅ ሲል እጀታው ይመለሳል።

የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ፒስተኑ ጨምቆ ያጋለው አየር ነው። ሲበርድ ግን ሙቀቱን የሲሊንደሩ ግድግዳ ይወስደዋል፤ ሞቶሪኖውም በወፈረ ዘይት ሞተሩን በዝግታ ስለሚያዞር የተጨመቀው አየር በፒስተኑ ፋሻዎች በኩል የማምለጫ ጊዜ ያገኛል። በዚህ ላይ ናፍጣው ዘግይቶ ከገባ፣ ሳይነድ ፒስተኑ ወደ ታች ይወርዳል። ያኔ ነው ዓይን የሚያቃጥለው ነጭ ጭስ የሚወጣው።

ታዲያ ለምን ለዘለቄታው አይቀደምም? ከልክ በላይ ከቀደመ ናፍጣው ገና ባልጋለ አየር ውስጥ ስለሚረጭ ማስነሳቱ ራሱ ይብሳል። በሞቀ ሞተር ላይ ደግሞ ቃጠሎው ወደ ላይ እየመጣ ያለውን ፒስተን ይመታዋል። ያ መዶሻ የመሰለ ድምፅ የዋለ ያደረ እንደሆነ ብሮንዚኑንና የቴስታታውን ጋስኬት ይጨርሳል። መሐንዲሶቹ እጀታውን ተመላሽ ያደረጉት ለዚህ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠረፉ 70 በመቶ አካባቢ ነው። አሮጌ ሚኒባስ እዚያ በጥቅምት ውርጭ አልነሳም ሲል ናፍጣው እንዲቀድም የፖምፓውን ብሎኖች አላልቶ ፖምፓውን በግምት መግፋት የተለመደ ነው። ፖምፓው በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር እዚያ የተገፋች 1 ዲግሪ ክራንክ ሻፍቱ ላይ 2 ዲግሪ ትሆናለች። በማግስቱ መኪናው ይነሳል፣ ሹፌሩም መካኒኩን ይመርቃል። ከሰዓት በኋላ ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ ድምፁን የሚሰማው ግን መካኒኩ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ከአራቱ ማሞቂያ ካንዴላዎች ሁለቱ ተቃጥለዋል፣ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ቺንጋው ላልቶ ታይሚንጉን ወደ ኋላ ጎትቶታል። ካንዴላውን በመፈተሻ መብራት ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ቀጥሎ የቺንጋው ምልክቶች ይታያሉ። ፖምፓው የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም በመለኪያ። የፖምፓው ራስ መሃል ላይ ያለው ብሎን ይፈታል፣ በቦታው ዳያል ጌጅ ይገባል፣ አንደኛው ፒስተን ጫፍ ላይ ሲደርስ የፖምፓው ፒስተን ስንት እንደተነሳ ይነበባል። በጎልፍ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሌላው ሞተር ልክ ከራሱ መጽሐፍ ይወሰዳል።